ጎራዴን ከአውሮፓ መጽሐፍ ስለ መማር
በጫግኒ ከተደረገ ሙከራ የተነሣ ትችት

ባለፈው ዓመት በጥናት ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከጓደኞቻችን አንዱ ስለ ጎራዴ አጭር ጽሑፍ አንብቦልን ነበር። የጽሑፉም ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። አባቶቻችን ይታጠቋቸው ከነበሩት ጎራዴዎች ብዙዎቹ ብረታቸው በአውሮፓ የተሠራ ነው፤ አውሮፓውያንም በአንድ እጅ በሚያዝ ሰይፍ እንዴት እንደሚዋጉ በመጽሐፍ ጽፈው፥ በሥዕልም አስደግፈው አቆይተዋል፤ እንግዲህ በአገራችን ተረስቶ የቀረውን የጎራዴ ስልት ከነዚሁ መጻሕፍት ተምሮ መመለስ ይቻላል የሚል ነው። ጽሑፉ ብዙ ጭብጨባ አገኘ። ካጨበጨቡትም መካከል እኛ ነበርንበት፤ እንዲያውም ከሌሎቹ አስበልጠን ነገሩን በሥራ ለመፈተን የተነሣነው እኛው ነን። አሁን የምናቀርበው ትችት ከዚያ ፈተና የተገኘ ስለ ሆነ፥ ከጽሑፉ ባለቤት ይልቅ በራሳችን ላይ የሚያርፍ መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልን እንወዳለን።

ፈተናው የተደረገው በጫግኒ ነው። ጫግኒ በአዊ ዞን ከእንጅባራ ወደ መተከል በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከእንጅባራ ደጋ ወረድ ብላ የምትገኝ ከተማ ስትሆን ከመካከላችን ሁለታችን የተወለድነው እዚያው ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ግን ከቤተ ሰብ ርቀን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ተማርን፥ የአገራችንን ነገር ከሽማግሌ አፍ ከመስማት ይልቅ ከመጽሐፍ ማንበብ ይቀናናል። ይህን ጠባያችንን እዚህ ላይ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። አሳባችን በክረምቱ ዕረፍት የሠፈሩን ወጣቶች ሰብስበን ስልቱን ለማስተማር፥ ከተሳካልንም ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል «የአባቶቻችን የጎራዴ ጨዋታ» ብለን ለማሳየት ነበር። በዓሉ በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ የሚያከብረውና ዐድዋን፥ በኋላም በአምስቱ ዓመት የተደረገውን ተጋድሎ የሚያስታውስ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ «የአባቶቻችን» ተብሎ የቀረበ ነገር በማግሥቱ እንደ እውነት ተይዞ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። በመጽሔት ላይ የወጣ ስሕተት ቢሆን ሌላ ጸሐፊ ያርመዋል፤ በፈረስና በእልልታ መካከል የታየ ስሕተት ግን ማን ያርመዋል?

በቅድሚያ ጓደኛችን ልክ የሆነበትን እንናገር። ስለ ብረቱ የተናገረው እውነት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ በተለይ ከጀርመኗ ከዞሊንገን ከተማ የተሠራ የሰይፍ ብረት ወደ አገራችን ይገባ ነበር፤ የአንበሳ ምስል የተቀረጸበትም አለ። እጀታውን የአገር ባለሙያ ከቀንድ ይሠራለታል፤ ባለ ማዕርግ የሆነ ሰው ደግሞ ከአውራሪስ ቀንድ ያሠራል፤ አፎቱ ከቆዳ ይሰፋለታል። በጫግኒ አንድ ሽማግሌ ቤት ያየነው ጎራዴ ይኸው ዐይነት ነው። ከእጀታው አጠገብ የላቲን ፊደላት ነበሩበት፤ በአሸዋና በአመድ ሲወለወል ስለ ኖረ ቃሉን አንድ አድርጎ ማንበብ አልተቻለንም።

የመጻሕፍቱም ነገር እውነት ነው። (ከዚህ በታች የአውሮፓን መጻሕፍት ስንጠቅስ ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) እስከ አሁን ከታወቁት ሁሉ ጥንታዊው በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ በሮያል አርመሪስ ቤተ መዘክር የሚገኘው በላቲን የተጻፈ ብራና ሲሆን፥ ዘመኑ ወደ 1300ዎቹ መጀመሪያ እንደሚጠጋ ይገመታል። በብራናው ላይ አንድ ቄስ ለደቀ መዝሙሩ ሰይፍና ትንሽ ጋሻ እያስያዘ ሲያስተምር ይታያል፤ ወደ መጨረሻው ገጽ ላይ ቫልፑርጊስ የምትባል አንዲት ሴትም ሰይፍ ይዛ ትቀርባለች። (የእኛ የኔታዎች ቅኔ እንጂ ሰይፍ አላስተማሩንም፤ ብራናውም ሰይፉም ከአንድ ቤት መገኘቱ ብቻ ሊያስቀና የሚገባ ነው።) ከዚያ በኋላ በ1536 የታተመው የጣሊያናዊው የአኪሌ ማሮዞ መጽሐፍ አለ፤ በ1796 ደግሞ እንግሊዛዊው መኮንን ለ ማርሻን ለፈረሰኛ ጦር ያዘጋጀው የሰይፍ ትምህርት ደንብ አለ።

ማሮዞን ስናነብ በአንድ ነገር ተደነቅን። የቦሎኛ መምህራን ለእያንዳንዱ አቋቋም ስም ሰጥተውታል፤ አንዱን «ረጅም ጅራት»፥ አንዱን «የብረት በር»፥ ሌላውን «የከርከሮ የብረት በር» ይሉታል። በእኛ አገር ስም የሚወጣው ለፈረሱ ነው፤ ባለቤቱም በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ እንደ ተባሉ ሁሉ። አንዱ አገር የሰውነትን አቋም ሲሰይም ሌላው ተዋጊውን ራሱን ይሰይማል። ለአቋሙ ስም ያወጣ ሰው ያንን አቋም ለማያውቀው ሰው በጽሕፈት ሊልክለት ይችላል፤ ስም ያላወጣለት ግን በዐይን ከማሳየት በቀር ሌላ መንገድ የለውም። የእኛ የጎራዴ ሙያ ያለ መጽሐፍ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንገምታለን።

ወደ ሙከራው እንመለስ። የመረጥነው የ1796ቱን ደንብ ነው፤ ምክንያቱም አጭርና በቁጥር የተከፋፈለ፥ ለማስተማርም የቀለለ በመሆኑ ነው። ምቶቹ ስድስት ናቸው፤ ከላይ ወደ ታች፥ ከታች ወደ ላይ፥ ወደ ጎንም በቀኝና በግራ እየተለዋወጡ ይሄዳሉ። በግድግዳ ላይ በከሰል ክብ ሥለን፥ ስድስቱን መስመር አስምረን፥ ስምንት ወጣቶች ዘንግ ይዘው እንዲከተሉ አደረግን። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ደስ የሚል ነበር። ልጆቹ በቁጥር ሲመቱ ላያቸው የሠለጠነ ጦር ይመስሉ ነበር፤ የሠፈሩም ሰው በአጥር ላይ ተደግፎ ያይ ነበር።

ችግሩ የመጣው ወደ መከላከያው ስንሻገር ነው። ደንቡ የጠላትን ምት በራስ ሰይፍ ላይ እንዲቀበሉ ያዛል። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ቆመው አንዱ ሲመታ ሌላው በዘንጉ ሲቀበል፥ የመቺው ዘንግ በተቀባዩ ዘንግ ላይ እየተንሸራተተ ጣቱን ያገኘዋል። ይህ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ ሆነ። በአራተኛው ቀን ከሁሉ ትጉህ የነበረው ልጅ የመካከለኛ ጣቱ አብጦ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እናቱም መጥታ የምታስተምሩት ምንድን ነው ብላ ጠየቀችን። የሚገባ ጥያቄ ነው፤ የሚገባ መልስ ግን አልነበረንም። ልጁን ማስታመሙ የእኛ ዕዳ ነበርና እስኪድን ድረስ ተመላልሰን ጠየቅነው።

ያን ዕለት ማታ ደንቡን እንደ ገና ስናነብ ያላስተዋልነውን ነገር አስተዋልን። የእንግሊዙ ፈረሰኛ ሰይፍ ከእጀታው ላይ ጣትን የሚከልል የብረት ቅስት አለው። ጸሐፊው ስለዚህ ቅስት በየመስመሩ አይናገርም፤ አንባቢው ሁሉ ሰይፉን በእጁ ይዞ የሚያነብ ስለ ሆነ መናገር አላስፈለገውም። የእኛ ጎራዴ ግን እጀታው በመካከሉ ቀጠን ብሎ ከላይና ከታች ሰፋ ከማለቱ በቀር ለጣት ምንም ከለላ የለውም። እንግዲህ ብረቱ ከአውሮፓ ቢመጣም የአገራችን ባለሙያ የቀንድ እጀታ ሲያገባለት የአውሮፓን ውጊያ ከላዩ ላይ አንሥቶለታል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ምትን በብረት መቀበል ጣትን ለጠላት መስጠት ነው። ጓደኛችን በጽሑፉ ብረቱን መረመረ፤ እጀታውን አልመረመረም። እኛም እንደዚሁ።

በማግሥቱ ጎራዴውን ያየንባቸው ሽማግሌ ወደ መለማመጃው መጡ። ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና የተጠጋ ነው፤ አባታቸው በጣሊያን ጊዜ አርበኛ ነበሩ። ከአማርኛው ይልቅ አውኛ ስለሚቀናቸው የልጅ ልጃቸው ያስተረጉምላቸው ነበር። (ከሁለታችን አንዳችን እንኳ አውኛውን ያለ አስተርጓሚ እስከ መጨረሻው ልንከተል አለመቻላችን በዚህ ጥናት ላይ የሚታይ ትልቁ ጉድለት ነው፤ አንባቢም ከዚህ በታች ያለውን ሲመዝን ይህንን ያስብ።) ልጆቹን ጥቂት ካዩ በኋላ የተናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነበር። «ጋሻቸውስ?» አሉ።

እኛም «አባ፥ ይህ ትምህርት ጋሻ የለውም፤ በሰይፍ ብቻ ነው» ብለን መለስን። እሳቸውም ልጆቹን ሳይሆን እኛን እያዩ «እናንተ ልጆች፥ ታዲያ በምን ትመክታላችሁ?» አሉ።

ይህ ጥያቄ ከአንድ ሳምንት ልምምድ ይልቅ አስተማረን። «መከተ» የሚለውን ቃል በአማርኛችን ብንመረምረው ከጋሻ ጋር የተጋባ ነው፤ መከታ ሲባልም በመጀመሪያ የሚታሰበው ጋሻ፥ ቀጥሎም እንደ ጋሻ የሚከልል ሰው ነው። ለጎራዴ ያለን ግስ መዘዘ፥ ሰነዘረ፥ ጎመደ፥ ቀላ ነው። አንዱን ጎራዴ በሌላው ጎራዴ ለመቀበል የተለየ ቃል ብንፈልግ እኛ አላገኘንም። የቃል አለመኖር ብቻውን የነገሩን አለመኖር አያረጋግጥም፤ ነገር ግን ቃሉና እጀታው አንድ ነገር ሲመሰክሩ ምስክሩ ሁለት ሆነ።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ያሳዩን ስለ አመዛዘዝ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ሰፋ አድርገን ልንጽፈው የምንፈልገው ይህንን ነው። የአገራችን ተዋጊ ጎራዴውንም ሾተሉንም የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ወደ አገራችን የመጡ የውጭ አገር ተጓዦችም በመገረም ጽፈውታል። አውሮፓዊው የሚታጠቀው በግራ ጎኑ ነው። ይህ ልዩነት ለብዙ ሰው የልማድ ነገር ብቻ ይመስለዋል፤ ለእኛም መስሎን ነበር። ሽማግሌው ግን በግራ ክንዳቸው ጋሻ እንደ ያዙ አድርገው፥ በቀኝ እጃቸው ከቀኝ ጎናቸው ሲመዙ ክርናቸው ወደ ላይ ተነሣ፤ ብረቱ ከአፎቱ ሲለቅም ጎራዴው በቀኝ ትከሻቸው አጠገብ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከዚያ ቦታ ሌላ መንገድ የለውም፤ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በግራ ጎን ታጥቀው ቢሆን እጃቸው በሆዳቸው ላይ አልፎ ከጋሻው ጋር በተጋጨ ነበር።

አሁን ይህንን ከሊድሱ ብራና ጋር እናስተያየው። ብራናው ሰባት አቋቋሞች ይቈጥራል፤ የመጀመሪያው አቋቋም ሰይፉ በግራ ብብት ሥር የተወሸቀበት ነው። ይህም በግራ ጎኑ የታጠቀ ሰው ሰይፉን ከአፎቱ ሲያወጣ እጁ ከሚገኝበት ቦታ ብዙ አይርቅም። ከዚህ አቋቋም ተነሥቶ የትምህርቱ ሁሉ ሰንሰለት ይያያዛል። የአባቶቻችን እጅ ግን በውጊያ መጀመሪያ በዚያ ቦታ የሚያልፍበት ምክንያት የለም። እንግዲህ መጽሐፉ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚናገረው ስለ ሌላ ሰው አካል ነው። ማንም የአውሮፓን መጽሐፍ ከእኛ ጎራዴ ጋር ላስማማ የሚል ቢኖር መታጠቂያውን ከየትኛው ጎን እንደሚያስር አስቀድሞ ይንገረን።

ስለ ጋሻው ደግሞ ማነጻጸሪያው መለወጥ አለበት። የብራናው ጋሻ በጭብጥ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው፤ ሥራውም ይበልጡን ሰይፍ የያዘችውን እጅ መከለል ነው። የእኛ ጋሻ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የሚሠራ፥ ጎበጥ ያለ፥ ደረትንና ሆድን የሚሸፍን ነው። ለዚህ የሚቀርበው በማሮዞ መጽሐፍ ውስጥ ሮቴላ የተባለው በክንድ የሚያዝ ክብ ጋሻ ነው። ስለዚህ የሁለቱን አገር ስልት ማስተያየት የሚፈልግ ተማሪ ከሮቴላው ምዕራፍ ቢጀምር ይሻለዋል እንላለን፤ ለመቅዳት ሳይሆን ምን መጠየቅ እንደሚገባው ለማወቅ።

ሾተልን በሚመለከት፥ እንደ ማጭድ የጎበጠው በጠላት ጋሻ ላይ ዞሮ ከበስተ ጀርባው ለመውጋት ነው የሚለው ቃል በየመጽሐፉ ይደጋገማል። ሐሰት ነው አንልም፤ ቅርጹ ራሱ ወደዚያ ያመለክታል። ሆኖም ከእንጨት ሾተል ቀርጸን፥ ለጋሻ የሰፌድ ክዳን አስይዘን ስንሞክር፥ ጫፉ ከክዳኑ ጀርባ የደረሰው ባለ ጋሻው ዝም ብሎ ሲቆም ብቻ ነው። ጋሻውን ጥቂት ወደ ፊት በገፋ ጊዜ ሾተሉ ተጠምዶ ቀረ፤ የያዘውም ልጅ ጎኑ ተጋለጠ። ይህ የእኛ አለማወቅ ሊሆን ይችላል። ሾተል በእጁ ይዞ ያላደገ ሰው ግን ስለ ሾተል ሲጽፍ ድምፁን ትንሽ ዝቅ ቢያደርግ መልካም ነው።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ስልቱ በጉግስ ውስጥ አለ፤ ከዚያ እንማረው» ብለውናል። በዚህም አንስማማም። ጉግስ የጦር ጨዋታ ነው። አሳዳጁ ዘንግ ይወረውራል፤ ተሳዳጁ በፈረሱ ላይ ጎንበስ ብሎ ጋሻውን ወደ ጀርባው ያዞራል። በዚህ ውስጥ ርቀትን መገመት፥ ጋሻን በጊዜው ማድረስ፥ ሸሽቶ መመለስ ይገኛል፤ ጎራዴ ግን የለም። ጄምስ ብሩስ በ1770 በአውሮፓ አቆጣጠር በአገው ምድር አልፎ ወደ ግሽ ዓባይ በሄደ ጊዜ፥ አገው በሙሉ ኃይሉ ሲወጣ 4,000 ፈረሰኛ ማሰለፍ እንደሚችል ጽፏል። ያ ፈረሰኛ የመጀመሪያ መሣሪያው ጦር ነው፤ ጎራዴ የሚመዘዘው ጦሩ ከእጅ ከወጣ በኋላ፥ ሰው ከሰው ጋር ሲቀላቀል ነው። እረኞች በዱላ የሚመካከቱትም ቢሆን በሁለት እጅ ነው። ስለዚህ ጉግስም ዱላም ለጎራዴው ጎረቤት እንጂ ወራሽ አይደሉም።

ሥዕሎቻችንስ? የዐድዋን ጦርነት የሚያሳዩት ሥዕሎች ጎራዴ ያነሡ ብዙ ሰዎች አሉባቸው፤ ጎራዴው ከራስ በላይ፥ ጋሻው ከፊት ነው። ይህ ሽማግሌው ካሳዩን ጋር ይስማማል። ነገር ግን ሠዓሊው የሚሥለው ጀግንነትን እንጂ ትምህርትን ስላይደለ፥ ከአንድ ሥዕል ተነሥቶ ስልት መገንባት አይቻልም። አውሮፓውያን ሥዕል ከነጽሕፈቱ እያላቸው እንኳ ይቸገራሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኤገርተን ካስልና አልፍሬድ ሃተን የተባሉ እንግሊዛውያን የጥንቱን መጻሕፍት እያነበቡ የሰይፉን ጨዋታ ለማስነሣት ጥረዋል፤ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ደግሞ በብዙ አገሮች ማኅበሮች ተቋቁመው ይህንኑ ይሠራሉ። ሕያው መምህር ስለሌላቸው ግን በአንዲት አረፍተ ነገር ትርጉም እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኛ ያለ ክርክር በአንድ ክረምት ልንጨርሰው መነሣታችን አሁን ሲታሰበን ያሳፍራል።

በ1599 ጆርጅ ሲልቨር የተባለ እንግሊዛዊ ባሳተመው መጽሐፍ፥ የጣሊያን መምህራን ወደ አገሩ ገብተው ቀጭኑንና ረጅሙን ሰይፍ ማስተማራቸውን፥ የአገሩም ወጣቶች የአባቶቻቸውን መሣሪያ ትተው ወደዚያ መሮጣቸውን አጥብቆ ነቅፏል። ሲልቨር ለባዕድ የነበረው ጥላቻ ፍርዱን ብዙ ጊዜ ያጣምምበታል፤ በዚህ አንከተለውም። የእሱ ዕድል ግን ሲጽፍ የአገሩ መሣሪያ ገና በሰዎች እጅ መኖሩ ነው፤ አንባቢው ተነሥቶ ሊፈትነው ይችል ነበር። በጫግኒ የቀረን በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጎራዴ፥ የአንድ ሽማግሌ ክንድ፥ ከዚያም ጥቂት ግሦች ናቸው።

ለጥር 23 ያሰብነውን ትርኢት ተውነው። ልጆቹ አዝነዋል፤ ስድስቱን ምት ወደውት ነበርና ለጨዋታ ያህል ይቀጥሉ ብለናቸዋል፤ ስሙን ግን «የእንግሊዝ ፈረሰኞች ልምምድ» ብለው እንዲጠሩት ተስማምተናል። ሽማግሌው በበኩላቸው ጋሻ ይዘን ከተመለስን የሚያስታውሱትን ሊያሳዩን ተስፋ ሰጥተውናል፤ የሳቸው ጋሻ ከብዙ ዓመት በፊት በምስጥ ተበልቶ ጠፍቷል። በጫግኒ ገበያ ብንጠይቅ የሚሸጥ አላገኘንም። ስለዚህ ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል በአያቱ ወይም በዘመዱ ቤት የቆዳ ጋሻ ያለው ቢገኝ፥ ስፋቱን በክንድ ሳይሆን በሜትር ለክቶ፥ የጉብታውን ጥልቀትና ክብደቱንም ጨምሮ በማኅበራችን አድራሻ ቢጽፍልን እናመሰግናለን፤ ይልቁንም ከውስጥ በኩል ያለው መያዣ ለጭብጥ ብቻ ነው ወይስ ክንድንም ያስገባል የሚለውን።